«ገባ» ማለት «ሆነ» ማለት አይደለም!

እስቲ ዛሬ ስለ ጎማ እናውራ። አዎ፣ ስለ መኪና ጎማ! «እኔ መኪና የለኝ፣ ምን አገባኝ?» የምትሉ እንዳትሄዱ፤ ጉዳዩ ይበልጥ የሚመለከተው እናንተን ነው። እኛ የሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ደንበኞች መኪናው የእኛ ባይሆንም ነፍሳችን ግን ጎማው ላይ ናት።

እናላችሁ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ከሚሮጡት ቶዮታ ሃይሶች ብዙዎቹ የእኔ እኩዮች ናቸው። የእንዲህ ያለ መኪና ጎማ ሲያልቅ አብዛኛው ባለቤት ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ «ስንት ነው?» እና «ይገባል?»። ጎሚስታው ካስገባው አለቀ፣ ደቀቀ። እኔ የምለው ግን መጠየቅ ያለበት ሦስተኛው ጥያቄ ነው፤ «ስንት ኪሎ ይሸከማል?»

መልሱ ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። «195/70 አር 15 ሲ፣ 104» የሚለውን እንውሰድ። 195 ስፋቱ ነው፣ በሚሊ ሜትር። 70 የጎኑ ቁመት የስፋቱ 70 በመቶ መሆኑን ይናገራል። 15 የቸርኬው ዲያሜትር ነው፣ በኢንች። መጨረሻ ላይ ያለችው «ሲ» ጎማው ለጭነትና ለብዙ ሰው ማመላለሻ ተጠናክሮ መሠራቱን ትነግረናለች። 104 ደግሞ አንዱ ጎማ 900 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው።

አሁን የቤት መኪናውን ጎማ እዩት፤ «195/65 አር 15፣ 91»። ስፋቱ ያው፣ ቸርኬው ያው። ይገባል! 91 ማለት ግን 615 ኪሎ ነው። እስቲ እንደምር። ባዶውን ወደ 1.7 ቶን የሚመዝን ሃይስ ላይ በአማካይ 65 ኪሎ የሚመዝኑ 13 ሰዎች ሲሳፈሩ 2.5 ቶን ያልፋል። የአራቱ ባለ 91 ጎማዎች አቅም ተደምሮ 2,460 ኪሎ ነው። ይሄ እንግዲህ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሳይል፣ ጣሪያው ላይም ምንም ሳይጫን ነው! ከአቅሙ በላይ የተሸከመ ጎማ ጎኑ እየታጠፈ ይግላል፤ የሚፈነዳው ደግሞ ቆሞ ሳይሆን ሲከንፍ ነው።

«ከፍ ይበልልኝ» ብለው ትልቅ ጎማ የሚያስገቡም አሉ። በ195/70 ፋንታ 225/75 ብታስገቡ የጎማው ቁመት ከ654 ወደ 718 ሚሊ ሜትር ያድጋል፤ 10 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። ፍጥነት መቁጠሪያው 80 ሲል መኪናው 88 እየሄደ ነው ማለት ነው። መሪ ሲዞር ጎማው ፓራፋንጎ ቢፈትግ አይግረማችሁ።

ሌላም አለ፤ ዕድሜ። ጎማው ላይ «ዲ ኦ ቲ» ከሚለው መስመር ጫፍ አራት ቁጥር ይገኛል። «1415» ካለ በ2015 14ኛ ሳምንት ተመርቷል። ግን የፈረንጆቹ 2015 ነው! በእኛ መጋቢት 2007 መሆኑ ነው። «የ2015 ነው፣ አዲስ ነው» የሚል ሻጭ 10 ዓመት ያለፈው ጎማ እየሸጠላችሁ ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ላስቲኩ አርጅቷል፤ በርካታ አምራቾች ከ10 ዓመት በላይ ያለፈው ጎማ ባያልቅም ይቀየር ይላሉ።

«አንቺ ልጅ፣ የጎማ ዋጋ ታውቂያለሽ?» የሚል ባለ ታክሲ አይጠፋም። እውነቱን ነው፤ ጎማ እሳት ሆኗል። ግን ብሩ ለሁለት ብቻ ከበቃ ትክክለኛዎቹን ሁለት ገዝቶ ከኋላ ማሰር ይቻላል። ብዙ ሰው ከፊት ያስራል፤ ሆኖም ዝናብ ላይ ከፊት ይልቅ ከኋላ የተንሸራተተ መኪና ለመመለስ ይከብዳል። የቀሩት ሁለቱ መላጣ ከሆኑ ግን ቁጠባው አይሠራም፤ ጥርሳቸው 1.6 ሚሊ ሜትር ከደረሰ መንገድ መውጣት የለባቸውም፤ መርካቶ ሄደው በረባሶ ይሁኑ!

ለመኪናው የሚሆነው መጠን አብዛኛውን ጊዜ በሹፌሩ በር መቃን ላይ ተለጥፏል። ለቦሎ በሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ ያ ቁጥር ከጎማው ጋር ቢመሳከር ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ባለንብረቱም ከመግዛቱ በፊት አንዴ ያንብበው። እኛም ሰልፍ ላይ ቆመን ስልካችን ላይ ከምናፈጥ አንዴ ወደ ታች እንይ፣ እንጠይቅ። ጎማው ከፈነዳ በኋላ የሚነበብ ቁጥር «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው።