ብርታትና ይቅርታ

ብርቱ ሰው የሚባለው ማን ነው? ብዙ ሰዎች፥ አውሬን የሚገድልና ጠላቱን የሚያጠፋ ነው ይላሉ። ነገር ግን ቍጣውን የሚገዛ ሰው ከዚህ ይበልጣል። የአዳኙ የሂው ግላስ ታሪክ ይህን ያስረዳል።

ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በሰሜን አሜሪካ በምዕራቡ ክፍል፥ በወንዞችና በተራሮች መካከል የሚኖሩ አዳኞች ነበሩ። የሚፈልጉትም ቢቨር የሚባለውን እንስሳ ነበረ። ቢቨር በጥርሱ ዛፍ እየቈረጠ የወንዝ ውሃ የሚገድብ እንስሳ ነው። በዚያ ዘመን ከጠጕሩ ባርኔጣ ይሠራ ስለ ነበረ፥ ቈዳው ውድ ነበረ። አዳኞቹ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ገብተው የብረት ወጥመድ ያጠምዱ ነበር። አገሩ ግን ባለቤት የሌለው አልነበረም፤ አሪካራና ሌሎችም ነገዶች ከጥንት ጀምሮ ይኖሩበት ነበር። ስለዚህ በአዳኞቹና በነባሮቹ መካከል አንድ ጊዜ ንግድ፥ አንድ ጊዜም ጦርነት ይሆን ነበር።

ሂው ግላስ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1823 ዓ.ም. ዊልያም አሽሊ በሚባል ሰው ተቀጥሮ፥ የሚዙሪን ወንዝ ይዞ ወደ ላይ ወጣ። በጉዞውም ላይ ከአሪካራ ሰዎች ጋራ ውጊያ ሆነና እግሩ ቈሰለ። በዚያ ውጊያ ለሞተው ባልንጀራው ወላጆች የላከው የመርዶ ደብዳቤ እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይገኛል።

በዚያው ዓመት በኦገስት ወር፥ ዛሬ ደቡብ ዳኮታ በሚባለው አገር፥ ግልገሎች ያሏት አንዲት ታላቅ ድብ በድንገት ያዘችው። ሰውነቱንም ክፉኛ ቧጨረችው። ባልንጀሮቹ ደርሰው ድቧን ገደሏት፤ እርሱ ግን ለመሞት ተቃርቦ ነበር። አለቃቸው አንድሩ ሄንሪም ሁለት ሰዎች እስኪሞት ድረስ እንዲጠብቁትና እንዲቀብሩት አዝዞ ሄደ። አንደኛው ፊትዝጀራልድ የሚባል ሰው ነበረ፤ ሁለተኛው ገና ወጣት ነበረ።

እነዚህ ሰዎች ጥቂት ቀን ጠበቁ። ግላስ ግን አልሞተም። በዚያ ምድር ጠላት ይመጣብናል ብለው ስለ ፈሩ፥ ሕይወቱ ሳይወጣ ትተውት ሄዱ። ጠመንጃውንም ቢላዋውንም ወሰዱበት።

ግላስ ብቻውን መሆኑን ባወቀ ጊዜ ተስፋ አልቈረጠም። መቆም ስላልቻለ በደረቱ እየተሳበ ጉዞ ጀመረ። የዱር ፍሬና ሥራ ሥር እየበላ፥ ተኵላዎች ከጣሉት የጎሽ ጥጃም ሥጋ እየወሰደ፥ ከ300 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ሄዶ ፎርት ካይዋ ከሚባለው የነጋዴዎች ምሽግ ደረሰ። ይህ በእውነት የሚያስደንቅ ብርታት ነው። ነገር ግን ከዚህ የሚበልጠው ገና ይመጣል።

ግላስ ጥቂት ከዳነ በኋላ የከዱትን ሰዎች ለመፈለግ ተነሣ። በብርድና በበረዶ ሄዶ ወጣቱን አገኘው። ወጣቱም ሞቷል ያለውን ሰው በፊቱ ቆሞ ባየ ጊዜ እጅግ ደነገጠ። ግላስ ግን ልጅነቱን አይቶ ማረው። ፊትዝጀራልድን ባገኘው ጊዜ ደግሞ ወታደር ሆኖ ነበር፤ ወታደርን መግደል በሕግ ያስቀጣል። ስለዚህ ግላስ ጠመንጃውን ብቻ ተቀብሎ ተመለሰ። አንደኛውን ሰው ርኅራኄ አዳነው፤ ሁለተኛውን ሕግ አዳነው።

ይህ ታሪክ በ1825 ዓ.ም. በፊላደልፊያ በሚታተም መጽሔት ወጣ። ከዚያም ወዲህ እያንዳንዱ ተራኪ የራሱን ጨመረበት። በ2015 ዓ.ም. በታየ ሲኒማ፥ ግላስ ልጁ ተገድሎበት ደም ለመመለስ እንደ ሄደ ተደርጎ ቀረበ። ዳሩ ግን ልጅ ተገድሎበት እንደ ነበረ የሚያስረዳ ማስረጃ የለም።

ተራኪዎቹ ለምን እንዲህ አደረጉ? በቀል ያለበት ተረት ይጣፍጣልና ነው። ሰሚውም ክፉ ሰው ሲቀጣ ማየት ይወዳል። ይህ ምኞት የፍርድ ምኞት ስለ ሆነ ፈጽሞ አይነቀፍም፤ ግላስን የከዱት ሰዎችም በእርግጥ በድለዋል። ነገር ግን ይቅርታውን ሰርዞ በቀልን በስፍራው የሚያኖር ሰው፥ የሰውየውን ክብር ቀነሰ እንጂ አልጨመረም። በደረት መሳብን ሕይወቱን የሚወድ ሰው ሁሉ ይሞክረዋል። እባብም እንኳ ሲረገጥ ይነድፋል። የበደለውን ሰው በእጁ ካገኘ በኋላ፥ መግደል እየቻለ የሚተው ግን ጥቂት ነው።

ግላስ በ1833 ዓ.ም. በየሎስቶን ወንዝ አጠገብ በአሪካራ ሰዎች እጅ ሞተ። ያ ወጣት ግን በምሕረቱ ተርፎ ሕይወቱን ኖረ።

እንግዲህ የጀግና ታሪክ የሚሰማ ሁሉ ሁለት ነገር ይመርምር፤ አንደኛ፥ የሆነውን ከተጨመረው ይለይ፤ ሁለተኛ፥ ጀግናው ምን ያህል እንደ መታ ብቻ ሳይሆን፥ ሊመታ ሲችል መቼ እጁን እንደ ሰበሰበ ይጠይቅ። ድብ በክንዷ ትበረታለች፤ ሰው ግን በልቡ ይበረታል።