ደረጃው ላይ አዲስ ሰው አለ

ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ቱታ ለብሶ፣ የውኃ ጠርሙስ ይዞ፣ ከካዛንቺስ ተነስቶ ኢሲኤን አልፎ በእስጢፋኖስ በኩል የሚወርድ ሰው ካያችሁ ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ አያስፈልግም። መስቀል አደባባይ ነው የሚሄደው። ጥያቄው እዚያ ደርሶ ምን ይገጥመዋል የሚለው ነው።

አደባባዩ በር የለውም፤ ክፍያም የለውም። ትልቁ ጸጋው ይሄ ነው። ነገር ግን በር የሌለው ቦታ ለአዲስ ሰው የቤቱን ደንብ የሚያስረዳ አስተናጋጅም የለውም። አንዱ ደረጃ ላይ ለውድድር የሚዘጋጅ ወጣት፣ ሐኪም “ተንቀሳቀሺ” ያላት እናት፣ የጤና ቡድን ጎልማሶችና አባቱ ከእንቅልፉ የቀሰቀሰው የ9 ዓመት ልጅ ይገናኛሉ። ፍጥነታቸው አንድ አይደለም፤ የመጡበት ምክንያትም አንድ አይደለም።

በውጭ አገር የሸክላ ርግብ ተኩስ የሚባል ስፖርት አለ። ርግብ ይባል እንጂ በማሽን ወደ ሰማይ የሚወረወር ትንሽ ክብ ነገር ነው። ድሮ በእውነተኛ ርግብ ነበር የሚተኮሰው፤ እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪስ እንኳ ተደርጓል። ጆርጅ ሊጎውስኪ የተባለ አሜሪካዊ በ1880 የሸክላውን ዒላማ የፈጠራ መብት ካስመዘገበ በኋላ ግን ርግቦቹ ቀስ በቀስ ተገላገሉ። ይህን ያነሳሁት ስለ ጠመንጃ ላወራ ፈልጌ አይደለም። በዚያ ሜዳ ጀማሪና አዋቂ ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ጀማሪው ሲስት ሁሉም ያየዋል። ስለዚህ ጨዋ የሚባለው ተኳሽ ካልተጠየቀ አይመክርም፤ ሌላው ሲያነጣጥር ከጀርባው አያወራም፤ ጀማሪው አስተማሪ ካለው ነገሩን ለአስተማሪው ይተዋል። አምስት ሰው አምስት ዓይነት ምክር ከሰጠው ጀማሪው ስድስተኛውንም ይስታል።

ጠመንጃ የሌለበት የእኛ ደረጃም የሚጎድለው ይሄው ነው።

አንዲት የማውቃቸው እናት፣ ሃምሳዎቹን ያጋመሱ፣ ስኳር እንዳለባቸው ከተነገራቸው በኋላ ቆርጠው ተነሱ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ የልጃቸውን ሸራ ጫማ ተጫምተው ሦስት ቀን ወረዱ። በመጀመሪያው ቀን አንዱ “እማማ፣ ክንድዎን ዝቅ!” አላቸው፤ ሌላው “በአፍንጫ ተንፍሱ!” አለ፤ ሦስተኛው “በአፍ ነው እንጂ” ብሎ ተከራከረው። በሁለተኛው ቀን ከኋላ የመጣ ቡድን “መንገድ!” ብሎ ጮኸባቸውና ሊወድቁ ደረሱ። በሦስተኛው ቀን ሁለት ልጆች እየሳቁ በስልክ ቀረጿቸው። በአራተኛው ቀን አልወረዱም። አሁን የሚኖሩበትን ፎቅ ደረጃ፣ ሰው ሳይነሳ፣ በጨለማ ይወጡታል ይወርዱታል። “እዚያ ማንም አያየኝም” ይላሉ። ስኳራቸው ማንም እንዲያያቸው አይጠይቅም፤ ግን ብቻውን በጨለማ ደረጃ የሚወጣ ሰው ስንት ወር ይቆያል?

ይሄ ነገር ዛሬ ከድሮው ይበልጥ ያሳስበኛል። በ2017 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስን ከለወጠው ወዲህ የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፤ መውረዱ ቀሏል። ነገር ግን በአንድ ግቢ ኖረው፣ በር አንኳኩተው “ተነሽ እንጂ!” የሚባባሉ ሰዎች በየአቅጣጫው ተበትነዋል። ዛሬ ወደ አደባባዩ የሚመጣ ጀማሪ ብዙ ጊዜ ብቻውን ነው። አጠገቡ የሚስቅለት እንጂ የሚስቅበት ሰው ያገኘ ቀን ተመልሶ ይመጣል።

ስለ “አይዞሽ” አንድ ነገር ልበል። ቃሉ ውብ ነው፤ ሌላ ቋንቋ በአንድ ቃል የማይለውን ይላል። ግን ሲባል ጊዜና ድምፅ አለው። አጠገቧ ስትደርሱ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሳትቆሙ ካላችሁት ጉልበት ነው። ከሦስት ደረጃ በላይ ሆናችሁ፣ ጓደኞቻችሁ እንዲሰሙ፣ ረዘም አድርጋችሁ “አይዞሽሽሽ” ካላችሁት ስድብ ነው። እሷም ልዩነቱን ታውቃለች። “ጎበዝ!”ም እንዲሁ ነው፤ ለትልቅ ሰው ደግሞ እንደ ሕፃን ማሞካሸት ይሆናል። ለእናቶችና ለአባቶች “በርቱ” በቂ ነው፤ ከጭንቅላት ዝቅታ ጋር ከሆነ ደግሞ ሰላምታም ነው። ስለ ሴት ሰውነት ግን፣ ቀነሰም ጨመረም፣ ለማሞገስም ቢሆን አስተያየት አይሰጥም። ስልክ አውጥቶ የማያውቁትን ሰው መቅረጽ፣ ለቲክቶክ ቀርቶ ለራስም ቢሆን፣ ነውር ነው። ለስለስ ያለ ቃል አልፈለግሁለትም።

የሚገርመው፣ ጀማሪ ላይ የሚስቁት እውነተኛ ሯጮቹ አይደሉም። ማይክል ክሮውሊ የተባለ እንግሊዛዊ አንትሮፖሎጂስት፣ ራሱም ሯጭ የሆነ፣ አዲስ አበባ ከአትሌቶች ጋር ከአንድ ዓመት በላይ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2020 መጽሐፍ አሳትሟል። ደጋግሞ የሚጽፈው ስለ ቀይ ደም ሴልና ስለ ከፍታ ሳይሆን አብሮ ስለ መሮጥ ነው። የእኛ አትሌቶች ተሰልፈው አንዱ የአንዱን እግር ይከተላሉ፤ ከፊት ሆኖ ፍጥነት የሚጠብቀው ለሌላው ጉልበቱን ይሰጣል፤ ብቻውን የሚሮጥ ሰው ለውጥ አያመጣም ይባላል። እንጦጦ ጫካ ውስጥ በጠዋት የወጣ ሰው ይህንን ሰልፍ አይቶታል። ታዲያ ለወርቅ የሚሮጡት እንዲህ ከተሳሰቡ፣ ለቦርጭ የምንሮጠው ማን ላይ ነው የምንኮራው?

ታላቁ ሩጫም የተሠራው በዚሁ መንፈስ ነው። ኅዳር 1994 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ 10 ሺህ ሰው ተመዝግቦ ነበር፤ ኃይሌ ገብረሥላሴ ራሱ ሮጦ አሸነፈ። አዲስ አበባ የምታስታውሰው ግን አሸናፊውን ብቻ አይደለም፤ ከኋላው እየዘፈነ፣ እየተራመደ፣ ሕፃን ተሸክሞ 10 ኪሎ ሜትሩን የጨረሰውን ሕዝብ ጭምር ነው። የቀረው የዓመቱ ጠዋት ግን የዚያን እሑድ አይመስልም።

ለጀማሪዎችም ደግሞ የምለው አለኝ፤ ጨዋነት የአንድ ወገን ዕዳ አይደለምና። አራት ሆናችሁ ጎን ለጎን ደረጃውን አትዝጉ። ስልክ ቢደወል ወደ ዳር ውጡ። የደረጃው ጫፍ ላይ ሲደርሱ ድንገት አትዙሩ፤ ከኋላ የሚመጣው ፍጥነቱን ይዞ ነው የሚታጠፈው። የጆሮ ማዳመጫ ካደረጋችሁ አንዱን ጆሮ ክፍት ተዉት። ደክሟችሁ መቀመጥ ስትፈልጉ ሰው ከማይሮጥበት ደረጃ ላይ ተቀመጡ። ፈጣኑም “መንገድ!” ብሎ ከመጮህ “በቀኝዎ” ቢል ሁለቱም በሰላም ያልፋሉ።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ የተወለደ ሰው ሳንባው የለመደ ይመስለዋል፤ ለመሮጥ ግን ከአልጋ የተነሳ ልብ አየሩን ገና አለመደውም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ ፈጣን እርምጃም ይቆጠራል። በሳምንት አምስት ቀን 30 ደቂቃ ማለት ነው። ሶምሶማ ለመጀመር የሚፈልግ አንድ ደቂቃ ዱብ ዱብ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ እያለ ቢያፈራርቅ ይበቃዋል። መለኪያው ቀላል ነው፤ አጠገባችሁ ካለው ሰው ጋር ማውራት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። ግፊት፣ ስኳር ወይም የልብ ችግር ያለበት ሰው ግን ከደረጃው በፊት ሐኪሙን ያነጋግር።

ልጆችን የሚያመጡ አባቶች ዘንድ አንድ የተለመደ ንግግር አለ። “ኃይሌ እኮ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ነበር የሚሄደው!” እውነት ነው። ግን ያንን የነገሩት ልጅ ትምህርት ቤት የሚሄደው በሰርቪስ ነው፤ የገዙለትም እርስዎ ነዎት። ልጁ ሁለት ደረጃ ሮጦ ሦስተኛው ላይ ርግብ ካባረረ ጥሩ ጠዋት አሳልፏል። ሌሎች ሰዎች ፊት “ሰነፍ” ከተባለ ግን በሚቀጥለው እሑድ ሆዱን ያመዋል። ያመዋልም ደግሞ፣ በእርግጥ።

እኔ ከምወዳቸው የአደባባዩ ሰዎች አንዱ ስማቸውን የማላውቀው ሽበታም ጋሼ ናቸው። ለማንም ምክር ሲሰጡ ሰምቼ አላውቅም። አዲስ ሰው ሲያዩ፣ በተለይ ብቻውን የመጣ፣ ፍጥነታቸውን ቀንሰው አንድ ዙር ከጎኑ ይሄዳሉ። ስለ አየሩ ይናገራሉ፤ ስለ ዝናቡ። ከዚያ “እንግዲህ ነገም እንገናኝ” ብለው ወደ ራሳቸው ፍጥነት ይመለሳሉ። ያ ሰው በማግሥቱ ይመጣል፤ የሚጠብቀው ሰው አለውና።

ቤተሰብ ይዛችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወርዱ ከሆነ በሥራ ቀን ንጋት አትምጡ፤ ያ ሰዓት ለሥራ የሚቸኩሉት ነው። እሑድ 1 ሰዓት ገደማ ይሻላል፤ ብርሃንም ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ መንገዶች ለእግረኛ የሚለቀቁበት “መንገድ ለሰው” የሚካሄድበት እሑድ ከሆነማ ለልጆች ብስክሌትም ቦታ አለ። ከታችኛው ደረጃ ጀምሩ። ያቺን ከላይ ያነሳኋቸውን እናት በሚቀጥለው እሑድ ይዣቸው ለመውረድ ተስማምተናል፤ ነጠላቸውን እንደሚያስሩ ነግረውኛል።