አራዳን በእግራችሁ እወቁት

«ፒያሳ! ፒያሳ! ሁለት ሰው የቀረው!» ይላል የታክሲ ረዳቱ። እኛም ገብተን እንሄዳለን። ቃሉ ጣሊያንኛ መሆኑን፣ ትርጉሙም «አደባባይ» እንደሆነ ስንቶቻችን አስበን እናውቃለን? ሰፈሩ እኮ ከጣሊያን በፊት ስም ነበረው፤ አራዳ። የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ እዚያ ነበር። ወራሪው በ1928 ከተማዋን ሲይዝ ነጭና ጥቁር ለየብቻ እንዲኖር ፈለገና ገበያውን ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ ወሰደው። እሱ በአምስት ዓመቱ ተባረረ፤ ያወጣው ስም ግን እስከዛሬ አፋችን ላይ አለ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ከማንም አልሻልም። አምና የአክስቴ ልጅ ከደሴ መጥቶ ከተማ ላሳየው ወጣሁ። ተመርቄ ስራ ስላላገኘሁ ጊዜ ሞልቶኛል። አቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ጋ ስንደርስ «ምን አድርገው ነው የገደሏቸው?» አለኝ። «ጣሊያን ነዋ የገደላቸው!» አልኩት። ልጁ የጠየቀኝ ግን ማን ገደላቸው ብሎ አልነበረም። በየዓመቱ ፎቷቸውን ፕሮፋይል የማደርግ፣ ዲግሪ የያዝኩ ሰው፣ ለአስራ አምስት ዓመት ልጅ መልስ አጣሁ። በጣም አፈርኩ።

ከዚያ በኋላ እያነበብኩ፣ ሽማግሌ እየጠየቅኩ፣ ደጋግሜ በእግሬ ሄድኩ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

አቡነ ጴጥሮስ የተገደሉት እምቢ ስላሉ ነው። አርበኞችን እንዲያወግዙ፣ ለወራሪው እንዲያድሩ ተጠየቁ፤ እምቢ አሉ። ጭራሽ ሕዝቡ ለጠላት እንዳይገዛ ገዘቱ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 በአደባባይ ተረሸኑ። ፎቷቸውን የምንለጥፍ ሁሉ ይቺን ማወቅ አነሰን?

ከዚያ ወደ አራዳ ጊዮርጊስ ውጡ። ታቦቱ ከአፄ ምኒልክ ጋር አድዋ ዘምቷል። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዘውድ የጫኑት እዚሁ ነው። በየካቲት 1929ኙ ጭፍጨፋ ጊዜ ፋሺስቶች ቤተክርስቲያኑን በእሳት አጋዩት። ፊት ለፊቱ ያለውን የምኒልክ ሐውልትም ነቅለውት ነበር፤ የአድዋ ሽንፈታቸው በየቀኑ እንዳይታያቸው። ከድል በኋላ ግን ሐውልቱ ቦታው ተመለሰ። አሁን አጠገቡ በየካቲት 2016 የተመረቀው የአድዋ ድል መታሰቢያ አለ።

ወረድ ስትሉ ጣይቱ ሆቴልን ታገኛላችሁ፤ እቴጌይቱ ያቋቋሙት፣ የአገራችን የመጀመሪያው ሆቴል። በጥር 2007 እሳት ጎድቶት ነበር። አንድ ቡና አዝዛችሁ የእንጨቱን ደረጃና ወለሉን እዩት። ሀገር ፍቅር ቴአትርም ከዚያ ሩቅ አይደለም። በ1927 ወረራው ሲያንዣብብ እነ መኮንን ሀብተወልድ ሕዝቡን ለመቀስቀስ ያቋቋሙት ማኅበር ነው። አስቡት፣ ጠላት ደጅ ላይ እያለ መድረክ አዘጋጅተው ስለ አገር ይናገሩ ነበር። የእነሱ ፌስቡክ እሱ ነበር፤ ልዩነቱ እነሱ በአካል ይገናኙ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። አራዳ የኛ ብቻ እጅ የሰራው ሰፈር አይደለም። አርመኑ፣ ግሪኩ፣ ሕንዱ ቤት ሰርቶበታል፣ ነግዶበታል። በ1923ቱ ንግሥ የተሰማውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው ኬቮርክ ናልባንድያን አርመን ነው። አገር መውደድ መጤን መጥላት የሚመስለው ሰው ካለ አራዳን አንድ ቀን ይዙርና ይምከርበት። የተጠላው ሊገዛን የመጣው ነው፤ አብሮን የኖረውማ ዘመድ ሆኗል።

አሁን ወደሚያመኝ ነገር ልምጣ። በ2016 ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ሲፈርስ ሁላችንም ጮህን። ግማሻችን «ልማት ነው» አልን፣ ግማሻችን «ታሪክ ጠፋ» አልን። እኔም በኮሜንት ስከራከር አደርኩ። ግን ልጠይቃችሁ፤ ከመፍረሱ በፊት ስንቶቻችን ገብተን አየነው? የትኛው ቤት ቅርስ እንደሆነ፣ የትኛው ተራ ቆርቆሮ እንደሆነ ለይተን መናገር የምንችል ስንት ነበርን? መንገዱ አይስፋ፣ ሰው በተጨናነቀ ቤት ይኑር አላልኩም። ግን ቤቱን የማያውቅ ትውልድ ስለ ቤቱ ሲከራከር ማን ይሰማዋል? ከፈረሰ በኋላ ማልቀስ ደግሞ ማንንም አይመልስም። ነዋሪው ተበትኗል፤ ትዝታውም አብሮት ሄዷል።

ስለዚህ ወንድሜ፣ እህቴ፣ የምጠይቃችሁ ቀላል ነገር ነው። የፊታችን እሁድ ከታክሲ ውረዱና አራዳን ዙሩ። ግማሽ ቀን ይበቃል፤ ብዙ ብርም አይጠይቅም። ታናሽ ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ሰፈሩ ውስጥ ያደጉ አባት ወይም እናት ካገኛችሁ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ፣ ፈቃዳቸው ከሆነ ድምፃቸውን በስልካችሁ ቅረጹ። የቆመውን ቤት ፎቶ አንሱ፣ የሰፈሩን ስም ጻፉ። አዲስ አበባ የማትኖሩም ጎንደር፣ ሐረር፣ ጅማ፣ አክሱም፣ ያላችሁበትን ቦታ እንዲሁ አድርጉ።

የአክስቴ ልጅ በፋሲካ ተመልሶ ይመጣል። ዘንድሮ መልስ አለኝ። እናንተስ?

ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!