የዲስኩን ዋጋ ጠይቆ ድራይቩን የረሳ ገበያ

በደቡብ ኦሞ ሰው አይቶ መግዛት ያውቃል። በቀይ አፈር የሐሙስ ገበያ በሬ የሚገዛ ገበሬ ጥርሱን ሳያይ ገንዘብ አይቆጥርም። ይህ ጥንቃቄ ግን የኮምፒዩተር ዕቃ ሲገዛ እምብዛም አይታይም። ካርቶኑ እንደታሸገ ይከፈልበታል፣ እንደታሸገም ጂንካ ይደርሳል።

አንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ አገልግሎት ሰጪ ከአዲስ አበባ ፕሪንተር አስመጣ እንበል። ማስጀመሪያው ሶፍትዌር ያለው በዲስክ ነው። አዲሱ ላፕቶፕ የዲስክ ማስገቢያ የለውም። የአሮጌው ዴስክቶፕ ድራይቭ ደግሞ ሲዲ ብቻ ያነባል፤ የመጣው ዲስክ ዲቪዲ ከሆነ እሱም አይረዳም።

ሁለቱ ዲስኮች ለዓይን መንትያ ናቸው፤ የሁለቱም ስፋት 12 ሴንቲ ሜትር ነው። ይሁንና ሲዲ የሚይዘው 700 ሜጋባይት ገደማ ሲሆን ተራው ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ይይዛል። በዲቪዲ ላይ ያሉት ምልክቶች እጅግ ደቃቅና የተጠጋጉ በመሆናቸው የሲዲ ድራይቭ ጨረር ለይቶ አያነባቸውም። በመሆኑም ዲስኩን መወልወል ትርፉ ድካም ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ በሲዲ ሲሸጥ፣ በ2007 ለገበያ የቀረበው ቪስታ በዋናነት በዲቪዲ ነበር የመጣው።

በኢኮኖሚክስ ቋንቋ ዲስክና ድራይቭ ተጓዳኝ ሸቀጦች ናቸው፤ አንዱ ያለ ሌላው ዋጋ የለውም። አዲስ አበባ ላይ ጉድለቱ የግማሽ ቀን ጣጣ ነው። ከጂንካ በኮንሶ በኩል አርባ ምንጭ መድረስ ብቻ ግን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የመኪና፣ የአልጋና የተዘጋው ሱቅ ሒሳብ ሲደመር ዲስኩን ማስለወጥ ከዲስኩ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። በሞባይል ጥቅል ከኢንተርኔት ማውረድም ገንዘብ ይጠይቃል። ይህ ሁሉ ወጪ የሚያርፈው በገዢው ላይ ስለሆነ ሻጩ እንዲጠነቀቅ የሚያስገድደው ነገር የለም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። በዩኤስቢ የሚሰካ የዲቪዲ ድራይቭ ሁለቱንም ዲስኮች ያነባል። አንድ የጂንካ ሱቅ ይህን ገዝቶ ለደንበኞች ወደ ፍላሽ ቢገለብጥ ራሱን የቻለ አገልግሎት ይሆነዋል። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996ም በሕጋዊ መንገድ የገዛ ሰው ሶፍትዌሩን ለመጠቀም የሚያስፈልገውን አንድ ቅጂ እንዲያወጣ ይፈቅዳል፤ አባዝቶ መሸጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ገልባጩም አንድ ነገር ልብ ይበል። በፋት 32 የተሰናዳ ፍላሽ ባዶ ቢሆን እንኳ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። በኤክስፋት ወይም በኤንቲኤፍኤስ ማሰናዳት ይገባል።

ገበያውን ሊያስተካክሉ የሚችሉት ግን በብዛት የሚገዙት መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ናቸው። በጨረታ ሰነዳቸው ላይ ሶፍትዌሩ በፍላሽም እንዲቀርብ፣ ክፍያውም የሚፈጸመው ተጭኖ መሥራቱ ጂንካ ላይ ከታየ በኋላ እንዲሆን ሊጠይቁ ይገባል። ያኔ የመመላለሻው ወጪ ወደ ሻጩ ይዞራል። ሻጩም ዕቃውን ከመጫኑ በፊት «ኮምፒዩተራችሁ ምን ዓይነት ድራይቭ አለው?» ብሎ መጠየቅ ይጀምራል።