ጫማውም መድኃኒት ነው

ዝሆኔ የያዘው እግር በገበያም በቤተ ክርስቲያን ደጅም ሳያይ ያደገ የጎጃም ወይም የወላይታ ሰው ያለ አይመስለኝም። በአገራችን ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎችን እንደያዘ ይገመታል። ለብዙው የዓለም ሐኪም ግን ብርቅ ነው፤ እሱ ዝሆኔ ብሎ የተማረው ትንኝ የምታስተላልፈውን ትል ነው። የደጋችን ዝሆኔ ትልም ትንኝም የለበትም። መነሻው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረው ቀይ አፈር ነው፤ ለዓመታት በባዶ እግር ሲረገጥ ብናኙ በቆዳ ይገባና የሊምፍ ሥሮችን እያስቆጣ ይዘጋቸዋል። ፖዶኮኒዮሲስ ብሎ የሰየመው እዚሁ አገር ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው።

በሽታውን ለመለየት መጠየቅና መዳሰስ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። እብጠቱ ከየት ጀመረ? ከእግር ጣት ተነሥቶ ሁለቱንም እግር ይዞ ከጉልበት በታች ከቆመ፣ ሰውየውም የኖረው ደጋ ከሆነ፣ ነገሩ ወደ አፈሩ ያመለክታል። የትሉ ዝሆኔ ብዙ ጊዜ አንዱን እግር ይይዛል፤ ከጉልበት በላይ ይዘልቃል፤ ብልትንም ያሳብጣል። ሥጋ ደዌ ያደነዝዛል፤ ይህኛው እግር ግን ሲነኩት ይሰማዋል። ታዲያ ይህ ሁሉ የሚታወቀው ባለሙያው ጎንበስ ብሎ እግሩን ሲያይ ነው። ለሳል ወይም ለጨጓራ የመጣች እናት እግሯን በቀሚሷ ሸፍና ተቀምጣ፣ ማንም «እስቲ እግርሽን ልየው» ሳይላት ስትመለስ በጣም ያሳዝነኛል። በሽታው ገና ማሳከክና ማቃጠል ላይ፣ ማታ አብጦ ጠዋት የሚጎድል እብጠት ላይ ሳለ ቢያዝ ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል።

«ዘራቸው ነው» እየተባለ ጋብቻ ይፈርሳል። እ.ኤ.አ. በ2012 በወላይታ ታማሚዎች ላይ የታተመ ጥናት ተጋላጭነቱ ከዘረ መል ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። የሚወረሰው ግን ተጋላጭነቱ ነው፤ አፈሩ እግሩን ካላገኘው በሽታው አይመጣም።

ሕክምናው እግሩን በሳሙና መታጠብ፣ በውኃ በቀጠነ በረኪና መዘፍዘፍ፣ በጣቶቹና በቆዳው እጥፋት መካከል እርጥበት ሳያስቀሩ ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ፣ ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግ ነው። በምሥራቅ ጎጃም 696 ታማሚዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ይህን ፈትሾታል። እግሩ በድንገት እየጋለ፣ እያበጠና እያተኮሰ አልጋ ላይ የሚጥለው ሕመም ሕክምናውን ገና በሚጠብቁት ላይ በዓመት በአማካይ ወደ 24 ጊዜ ይነሣ ነበር፤ በጀመሩት ላይ ወደ 19 ወረደ። ልዩነቱ ለሚያርስ ሰው ትልቅ ነው፤ እያንዳንዱ ሕመም ለቀናት ከሥራ ያስቀራል።

ችግሩ ሳሙናና ቫዝሊን እንደ መድኃኒት አለመቆጠራቸው ነው። ትኩሳቱ ሲነሣ እንክብል ይታዘዛል፤ ታማሚው ግን ያንኑ ያልታጠበ እግሩን ይዞ ወደዚያው አፈር ይመለሳል። ጫማ ያድርግ ብሎ መምከርም ዋጋ የለውም፤ ያበጠ እግር የገበያ ጫማ ውስጥ አይገባም። በልክ መሰፋት አለበት፤ በወላይታ እንዲህ ያለ ጫማ ሲሰፋ ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ የጤና ጣቢያ የመድኃኒት በጀት ሲያዝ የሳሙናው፣ የቫዝሊኑ፣ የፋሻውና የጫማ ሰፊው ዋጋ ከእንክብሉ ጋር በአንድ ዝርዝር ይግባ።