ነቀርሳ ሲባል የትኛው ነው?

በቋንቋችን ውስጥ ከአቅማቸው በላይ ሸክም የተጫነባቸው ቃላት አሉ። ከእነዚህም አንዱ «ነቀርሳ» ነው። ካንሰርን ነቀርሳ እንለዋለን፤ ቲቢንም የሳንባ ነቀርሳ እንለዋለን። የሁለቱ ባሕርይ ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። አንደኛው የገዛ ሰውነታችን ሕዋስ ከሥርዓት ወጥቶ ያለ ልክ ሲበዛ የሚመጣ ሲሆን፣ የሁለተኛው መነሻ ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮህ በ1874 ዓ.ም. ያገኘው ባክቴሪያ ነው።

ጉዳዩ የስም መደባለቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለቋንቋ መምህራን በተውነው ነበር። ዳሩ ግን በሆድ ውስጥ መልካቸውም ይመሳሰላል። ቲቢ ሳንባን ብቻ የሚይዝ የሚመስለን ብዙዎች ነን፤ ሆኖም በተዋጠ አክታ ወይም ባልፈላ ወተት ወደ አንጀት ይገባል። ይልቁንም ቀጭኑ አንጀት ከወፍራሙ የሚገናኝበትን፣ በሆድ ቀኝ በኩል ዝቅ ብሎ ያለውን ስፍራ ያጠቃል። እዚያም አንጀቱ ያብጣል፣ ይጠባል፣ በእጅ ሲዳሰስም እንደ ዕጢ ይጠጥራል። የሆድ ዕቃን ሽፋን የያዘ እንደ ሆነ ደግሞ ሆድ ውሃ ይቋጥራል። በሽተኛው ይከሳል፤ ሌሊት ያልበዋል፤ እህል ይጠላል። ይህን ያየ ሰው ካንሰር ነው ቢል አይፈረድበትም። በሴቶች ላይ የእንቁላል ማመንጫ ካንሰርን ለመጠርጠር የሚረዳው ሲኤ 125 የተባለው የደም ምርመራ እንኳ በሆድ ቲቢ ምክንያት ከ35 አልፎ ወደ መቶዎች ሊወጣ ይችላል።

ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው ሌላም የሚጨመር አለ። ከደሴ ቍልቍል ወርደን የቦርከናን ወንዝ ስንከተል፣ በኮምቦልቻና በሐርቡ በኩል ቢልሃርዝያ ይገኛል። ትሉ በውሃ ውስጥ በቀንድ አውጣ ተራብቶ በቆዳ በኩል ይገባል፤ እንቍላሉም በወፍራሙ አንጀት ግድግዳ ሲከማች ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ፣ አንዳንድ ጊዜም ዕጢ የመሰለ እብጠት ያመጣል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን ተውጦ የሚያልቅ ነው።

ታዲያ ቤተ ዘመድ «ነቀርሳ» የሚለውን ቃል የሰማ እንደ ሆነ ተስፋውን ቈርጦ፣ በሽተኛውን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በየቤታችን የሐኪም ወረቀት የምናነብ እኛ ተማሪዎችና ወጣት ሠራተኞች ነን። ስለዚህ አንድ ጥያቄ የመጠየቅ ግዴታ አለብን፤ ይኸውም «ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ታይቷል ወይ? ለቲቢስ ተመርምሯል?» የሚለው ነው። አልትራሳውንድ እብጠቱን ያሳያል እንጂ ስሙን አይናገርም። ቲቢ ሆኖ ከተገኘ ሕክምናው በተለመደው ሥርዓት 6 ወር ነው፤ 2 ወር በአራት ዓይነት፣ 4 ወር በሁለት ዓይነት መድኃኒት። በመንግሥት ጤና ጣቢያም ያለ ክፍያ ይሰጣል።

ይህን አንብቦ ደም የሚያስቀምጠውን አባቱን «አሜባ ነው» እያለ ከመድኃኒት ቤት ክኒን የሚገዛለት ቢኖር ግን ነገሬን አልተረዳውም። ካንሰርም ቢሆን ቶሎ የተደረሰበት እንደ ሆነ በቀዶ ሕክምና ሊድን ይችላልና።

የናሙናው ውጤት ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። እስከዚያው ለበሽተኛው ምን እንበለው ለሚል፣ እውነቱ አጭር ነው፤ ገና አልታወቀም።