ትንሿ አውሮፕላን የት ገባች?

እኔ የደቡብ ወሎ፣ የመካነ ሰላም አካባቢ ልጅ ነኝ። መካነ ሰላም በዓለም አቀፍ የአየር ማረፊያዎች ዝርዝር ላይ «ኤም ኬ ኤስ» የሚል መለያ አላት። መለያው አለ፤ መደበኛ በረራ ግን የለም።

ለምን? አንዳንዱ «ተረስተን ነው» ይላል። እኔ ግን ነገሩ የሒሳብ ነው ባይ ነኝ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በረራ የጀመረባቸው ሲ-47 አውሮፕላኖች ጥርጊያ ሜዳ ላይም ያርፉ ነበር። በ2002 ዓ.ም. የገባው ኪው-400 ግን ከ70 በላይ መቀመጫ አለው። ከእኛ አገር ማን ይሞላዋል? ደጋ ላይ ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ ለመነሳት ረዘም ያለ ማኮብኮቢያ ይፈልጋል።

እኛስ ምን እንላለን? «ትልቅ ኤርፖርት ይሠራልን!» ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት ማለት ይሄ ነው እኮ። የሚበጀን እንደ ትዊን ኦተር 19 ሰው ይዛ ከአጭር ሜዳ የምትነሳ አውሮፕላን ናት። እርግጥ የሁለት አብራሪ ደመወዝ ለ19 ሰው ሲካፈል ቲኬቱ ይወደዳል። ስለዚህ መንግሥት ይደጉም። ነውር የለውም፤ አሜሪካ እንኳ ከእ.ኤ.አ. 1978 ጀምሮ ለትንንሽ ከተሞች በረራ ትደጉማለች።

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. አየር መንገዳችን በአፍሪካ የመጀመሪያውን ኤ350-1000 ሲረከብ አጨብጭበናል፤ ደግ አደረግን። ደሴ ሆስፒታል ለመድረስ የምትጣደፍ የመካነ ሰላም እናት የምትፈልገው ግን ኮምቦልቻ የምታወርዳትን ትንሿን ነው። ነገ ጋዜጠኛ የምንሆን ሁሉ፣ ትልቁን ስንዘግብ ስለ ትንሿም እንጠይቅ!